የሁድ ጎረቤታችን

ከሐድረመውት፣ ጀማደል አኺር 2፣ 1347 ዓመተ ሒጅራ

ሱራባያ ላለኸው ለወንድሜ ለዩስሊም

አሰላሙ ዐለይኩም። ከእኔ ከሙዝና እና አጠገቤ ተቀምጦ በጽሕፈቴ ከሚስቀው ከታናሽ ወንድምህ ከጁምዓን ሰላምታ ይድረስህ። ባለቤትህን ሰዕዲያንና ልጆቹን ሰላም በልልን። ሽርጡም ሻዩም በደህና ገብቷል። ስኳሩ ግን ባሕር ላይ እርጥበት አግኝቶት ድንጋይ ሆኗል፤ በመዶሻ እየፈለጥን እንጠጣለን።

«ልጁ ታሟል እንዴ? ለምን ራሱ አይጽፍልኝም?» ላልከው፣ አልታመመም። የሚጽፈው ስላጣ ነው። ከጣራ ወደ ምድር ቤት፣ ከምድር ቤት ወደ ጣራ ሲመላለስ የሚውል ሰው ምን ወሬ አለው? አጎታችን ባኺት፣ አላህ ይማረውና፣ በጎርፍ ውሃ ጠብ የሳልሚን ቢን ነህዋንን ልጅ ተኩሶ ገድሎ፣ ዓመት ሳይሞላው እሱም በትኩሳት ሞተ። እሱ አረፈ፤ ደሙ ለእኛ ቀረ። አንተ ባሕር ማዶ ነህ፣ የሚደርስብህ የለም። በር የተዘጋበት ያኔ ጢም እንኳ ያላበቀለው ጁምዓን ነው። አሁን ጢሙም በቅሏል፣ በሩም እንደተዘጋ ነው። እኔ ሴት ነኝና ማንም አይነካኝም። ውሃ የምቀዳው፣ ተምሩን የማስለቅመው፣ ገበያ የምወጣው እኔ ነኝ። እሱ በግድግዳው ቀዳዳ የገዛ ዘንባባችንን እያየ ይውላል። ባለፈው «ሙዝና፣ ሦስተኛዋ ዘንባባ ጎብጣለች ወይስ ዓይኔ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ዘንባባዋ ድንጋይ ብትወረውር የምትመታት ናት። ደረጃው ሥር ወርጄ አለቀስኩ።

አሁን ወደ ትእዛዝህ። «በሻዕባን ከሁድ ተጓዦች ጋር ተቀላቅሎ ይውጣ፤ ከዚያ ወደ ቤት አይመለስ፣ በምሥራቅ በኩል ወደ ባሕር ወርዶ ጀልባ ይሳፈር» ብለሃል። ሱራባያ ተቀምጦ ማዘዝ እንዴት ደስ ይላል! በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት አሉ። የሁድን ሰላም ረሳኸው እንዴ? ወደ ነቢዩላህ ሁድ መቃብር የሚሄድን፣ ከዚያም የሚመለስን ሰው ባለ ደሙ መንገድ ላይ ቢያገኘው እንኳ ሰላም ብሎት ያልፋል። ሽማግሌዎች እንደሚሉት ከእስልምና በፊት ድንጋይ ያመልኩ የነበሩት ሰዎችም በዚያ ሸለቆ ደም አላፈሰሱም። ግን ሰላሙ የመንገዱ ነው እንጂ የሰውየው አይደለም። ከመንገዱ ወደ ባሕር የታጠፈ ሰው ተጓዥነቱ ቀረ። የሳልሚን ወንድም ልጆች ይህን ከእኛ በላይ ያውቃሉ። ማጠፊያው ላይ ተቀምጠው ነው የሚጠብቁት።

እናም ወደ ባሕር አይሄድም። ሁድ ድረስ ሄዶ ይመለስ ወይስ ጭራሽ ይቅር፣ እሱን ገና አልወሰንኩም። እሱ መውጣት ይፈልጋል። የትም ይሁን የት፣ መውጣት ብቻ። ይህ ወረቀት እጅህ ሲገባ ተጓዦቹ መንገድ ላይ ይሆናሉ፤ ብትቆጣም አልሰማህም።

እህትህ ሙዝና


ሱራባያ፣ ሻዕባን 9፣ 1347

ለእህቴ ለሙዝና

ሰላምታዬ ከአክብሮት ጋር ይድረስሽ። ደብዳቤሽ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ። ዛሬ! ቀኑን አይተሽዋል? ተጓዡ ወንዙ ውስጥ ታጥቦ፣ በሰላምታው ጉድጓድ ዙሪያ ቆሞ ነቢያትን በየስማቸው ሰላም ብሎ፣ ደረጃውን ወደ መቃብሩ የሚወጣበት ቀን ነው። ወንድሜ ከመካከላቸው ይኑር አይኑር አላውቅም። ደንበኛ ሱቅ ውስጥ ጥዬ መጋዘን ገባሁና በሩን ከውስጥ ዘጋሁት። ሰዕዲያ ምሳ ልካልኝ እንደተከደነ ተመለሰ።

እንዲህ ብትጽፊልኝ ምን ነበረበት፣ «ይሄዳል» ወይም «አይሄድም»? የቤቱ ታላቅ እኔ ነኝ። አባታችን ሲሞት «ታናናሾችህን አደራ» ያለው እኔን ነው። አንቺ ግን እንደ ገበያ ዕቃ «ገና አልወሰንኩም» ትይኛለሽ። አንድ ነገር ቢደርስበት በአንቺም በእኔም ራስ ላይ ነው፤ በአንቺ ግን ይብሳል። ስለ ቃሉ ይቅርታ፤ አልሰርዘውም ግን።

ደግሞ ሄዶ ከሆነ የት ነው ያደረው? ይህን አስበሽዋል? ሁድ ላይ ያለው ቤታችን ከዚያ ክፉ ቀን ወዲህ ተከፍቶ አያውቅም። ያ ከተማ እንደሆነ ዓመቱን ሙሉ ወፍ እንጂ ሰው የማይኖርበት፣ ለዚያራው፣ ለመቃብር ጉብኝቱ ቀናት ብቻ በሩ የሚከፈት ነው። ኖራ በየዓመቱ ካልተቀባ ጣራው ለአንድ ክረምት ጎርፍ እንኳ አይቆምም። ፈርሶ ይሆናል። ከፈረሰ ደግሞ ብቻውን አይፈርስም። አያቶቻችን ከቢን ነህዋን ጋር በወዳጅነት ዘመን ጎን ለጎን ሠርተው አንዱን ግድግዳ የጋራ አድርገውታል። የእኛ ቤት የእነሱን ይዞ ከወደቀ ሌላ ደም መጣብን ማለት ነው። ልጁ በሩን ከፍቶ ሲገባ ከግድግዳው ወዲያ ማን እንዳለ አስቢ። እኔ ከጠዋት ጀምሮ ሌላ አላሰብኩም።

ፈጥነሽ ጻፊልኝ። ክፉም ቢሆን ጻፊልኝ።

ወንድምሽ ዩስሊም


ከሐድረመውት፣ ሻዕባን 20፣ 1347

ለወንድሜ ለዩስሊም

ተመልሷል። በሕይወት አለ። ከሰላምታ በፊት ይህን የጻፍኩት አንተ ከላይ ወደ ታች የማታነብ፣ መጨረሻውን ቀድመህ የምትፈልግ ሰው ስለሆንክ ነው። አሁን ተረጋግተህ ተቀመጥና አሰላሙ ዐለይኩም።

በጀማደል አኺር መጀመሪያ የጻፍከው ደብዳቤ ተጓዦቹ በወጡ ማግሥት ደረሰ። «ከማን ጋር ነው የምትልኪው?» ለሚለው፣ ከተሪም ግመለኞች ጋር ነው የላክሁት። ስምንት ዓመት ምንጣፍ ብቻ የረገጠ እግር ነውና በመጀመሪያው ቀን ውሃ ቋጠረ። ግመለኞቹ «ይህ ሙሽራ ከየት መጣ? እግሩን ሂና ቀቡለት!» እያሉ ሲሳለቁበት፣ እሱ ከመሳቁ ብዛት አለቀሰ አሉኝ። ወንዙ ውስጥ ገብቶ አልወጣም ብሎ በግድ ነው የጎተቱት። የሆነውን ከራሱ አፍ እንደሰማሁት እነግርሃለሁ።

ቤታችንን ከፈተ። ጣራው አልወደቀም። ወደ ላይ ቢወጣ ጣራው ነጭ ነው፣ ኖራው ትኩስ ነው። «ቤታችንን ወስደውታል» አለ በልቡ። ሊመለስ ሲል ከጎረቤት ጣራ አንድ ሽማግሌ ኖራ መምቻ ዱላውን እንደያዘ ቀና ብሎ አየው።

«ማነህ አንተ?»

«ጁምዓን ባ ሹረይም።»

ሽማግሌው ወደ እግሩ ተመለከተ። ከዚያ ሰውዬው «ጫማህን አውልቅ» አለው፣ «ኖራው አልደረቀም።»

ሳልሚን ቢን ነህዋን ነው። የሟቹ አባት። ጁምዓን ጫማውን አወለቀና ባለበት ቆመ፤ ምን ሊያደርግ!

«ጣራችንን ማነው የለሰነው?»

«እኔ ነኛ። ሌላ ማን አለ?»

«ለምን?»

«የእናንተ ጣራ ካፈሰሰ ግድግዳው ይርሳል። ግድግዳው ከራሰ የእኔ ጣራ ይወርዳል። ለእናንተ ብዬ መሰለህ? በየዓመቱ እየተሳደብኩ ነው የምለስነው።» ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ፈረጅ ከዚህ ግድግዳ ሥር ነበር የሚተኛው» አለው። ፈረጅ የልጁ ስም ነው፣ ዩስሊም። ቤታችን ውስጥ ስሙን ጠርተን እናውቃለን? እኔ እንጃ።

ከዚያ ሽማግሌው ተናገረ። የወንድሞቹ ልጆች ጁምዓንን ይፈልጋሉ፤ እሱ ግን ልጅ ገድሎ የልጁን ቦታ መሙላት አይፈልግም። ገንዘብም አይፈልግም፣ ሽማግሌ መላክም አይፈልግም። «ስምንት ዓመት ሙሉ» አለው፣ «ከቤታችሁ አንድ ሰው ፊቴ ቆሞ ‹ልጅህን ገደልንብህ› ያለኝ የለም። ሸኽ ልካችኋል፣ ሸሪፍ ልካችኋል፣ በሬ ልካችኋል። የቤታችሁ ታላቅ ማነው?»

«ዩስሊም። ባሕር ማዶ፣ ጃዋ ነው ያለው።»

«እሱ ይምጣ። እዚሁ፣ ሁድ ላይ። ያን ጊዜ እኔ የማደርገውን አውቃለሁ።»

የሚያደርገው ምን እንደሆነ አልተናገረም። ያንተ ወንድም ግን ከነፋስ ጋር ስምንት ዓመት ሲነጋገር የከረመ ሰው ነውና አፉ ቀደመው። «ይመጣል!» አለ። አልበቃውም፤ ወደ መቃብሩ ወጥቶ፣ ሳልሚንም እያየው፣ እጁን በነቢዩላህ ሁድ ድንጋይ ላይ አድርጎ «ወንድሜ እስከሚመጣው ሻዕባን ካልመጣ በእሱ ቦታ እኔ ራሴ እዚህ እቆማለሁ» ብሎ ማለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ሽማግሌውም እስከዚያ ማንም እንዳይነካው ለወንድሞቹ ልጆች በሕዝብ ፊት ተናገረ።

ይኸውልህ እንግዲህ። ጁምዓን ዛሬ ውጭ ነው። እንደ ፍየል ግልገል ከዛፍ ዛፍ ይዘላል። ደስታውን ሳየው ደስ ይለኛል፤ የተቀበለበትን ዋጋ ሳስብ ደግሞ ፊቴን አዞራለሁ። እኔ ነኝ የላክሁት። ልትሰድበኝ ከፈለግህ ስደበኝ፤ በኋላ ግን መልስ ስጠኝ።

እህትህ ሙዝና


ሱራባያ፣ ሸዋል 28፣ 1347

ለእህቴ ለሙዝና

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ዒዱን እንዴት ዋላችሁ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እዚህ ዝናቡ አላባራም፤ ጨርቅ ሁሉ ሻግቶብኛል።

ደብዳቤሽን አንብቤ አላህን አመሰገንኩ፤ ግንባሬን መሬት አስነክቼ ሱጁድ ወርጃለሁ። ሌላውን ነገር ደግሞ በእርጋታ አስቤበታለሁ። ጁምዓን የማለው በችኮላ ነው። ያለ እኔ ፈቃድ በእኔ ስም መማል ይችላል ወይ ብዬ እዚህ ያሉ አንድ ዓሊም ጠይቄያለሁ። እሳቸውም «ነገሩ ያከራክራል» ብለውኛል። ስለዚህ የሚሻለው ይህ ነው። የአንድ ዓመት ሰላም አግኝቷል አይደል? በዚህ ዓመት ውስጥ በፀሐይ፣ በግልጽ፣ ሻንጣውን ይዞ ወደ ሙከላ ወደብ ይውረድ። መርከቡን እኔ እከፍላለሁ። እዚህ ሲደርስ ሱቁን እናካፍለዋለን፣ ሚስትም አላጣለትም። ለሳልሚን ደግሞ በሸሪፉ በኩል እጅ መንሻ ልኬያለሁ፤ ጥቂት የማይባል ነው።

የእኔ መምጣት ለጊዜው አይመችም። ሰዕዲያ ነፍሰ ጡር ናት፣ በረቢዕ ወር ትወልዳለች። ሽርካዬም ታሟል፤ ሱቁን ለማን ጥዬ? መርከብም ቢሆን በዚህ ወራት አደጋ አለው። ደግሞስ ሰውዬው የሚያደርገውን መች ተናገረ? «የማደርገውን አውቃለሁ» ማለት ምን ማለት ነው? አንቺ ታውቂያለሽ?

ፈርቼ አይደለም። ይህን እንድታውቂልኝ እፈልጋለሁ።

ወንድምሽ ዩስሊም


ከሐድረመውት፣ ሙሐረም 17፣ 1348

ለወንድሜ ለዩስሊም

«ፈርቼ አይደለም» ያልከውን ደጋግሜ አነበብኩት። ማን ፈራህ አለህ?

እጅ መንሻህን ሳልሚን አልተቀበለም። ሸሪፉን ቁጭ አድርጎ ሩዝና ደረቅ ዓሣ አብልቶ፣ አንድ ቅርጫት ተምር አስይዞ ከነገንዘብህ ሸኝቷቸዋል። «ሰውየው የቱንም ያህል ራሱን ቢያሳንስ በዚህ የገንዘብ ከረጢት ውስጥ ገብቶ አይመጣም» አለ አሉ። ሸሪፉ ሲነግሩኝ ፈገግ ብለው ነበር። እኔ መሬት ተሰንጥቆ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ።

ጁምዓንን ደግሞ «ወደ ሙከላ ውረድ ይልሃል ወንድምህ» አልኩት። ኖራ ያቃጥል ነበር። አዎ፣ ለሚመጣው ዓመት ለሁድ ጣራ የሚሆን ኖራ ከአሁኑ ያቃጥላል። ዞር ብሎ እንኳ አላየኝም።

«የት ነው የማልኩት?» አለኝ።

«ሁድ ላይ።»

«ዓሊሙን ጠይቆ ይሆናል፤ ነቢዩን ጠይቆታል?»

«ጁምዓን፣ ካልመጣስ?»

«ካልመጣ እኔ እቆማለሁ። ምን ያስደንቅሻል? ስምንት ዓመት ስሞት ነው የኖርኩት፤ አንድ ዓመት ኖርኩ። ደሞ የዚህን ወንፊት ቀዳዳ አይተሽዋል? ኖራውን እያፈሰሰ ጨረሰብኝ።»

አየህ፣ እየቀለደ ነው። የሚያስፈራኝም እሱ ነው። ቢያለቅስ አባብለው ነበር። የሳልሚን ወንድም ልጆች ገበያ ሲያዩት መንገድ ይለቁለታል፣ ከዚያ እስከ ሻዕባን የቀረውን ወራት በጣታቸው ቆጥረው ያሳዩታል። «ሽማግሌው ጃጅቷል፤ እኛ አልጃጀንም» ይላሉ። እሱ በጣቱ መልሶ ይቆጥርላቸዋል።

«አንቺ ታውቂያለሽ?» ብለኸኛል። አላውቅም። ልዋሽህ አልፈልግም፤ ብትመጣ ይምርሃል አልልህም። የልጁን ደም በልቡ ይዞ የሰውን ጣራ የሚለስን ሰው ምን እንደሚያደርግ ማን ያውቃል? ምናልባት ሊገድልህ ነው የሚጠራህ። ምናልባት ያን አንድ ቃል መስማት ብቻ ነው የፈለገው። ሁለቱንም አስቤ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ዩስሊም፣ ወንድሜ፣ አንተን እወድሃለሁ። አባታችን የሞተ ዕለት እጄን ይዘህ የቆምከው አንተ ነህ። ጁምዓንን ግን አሳድጌዋለሁ። እናታችን ስትሞት በጨርቅ ተጠቅልሎ እቅፌ ላይ ነበር። ባል ሳላገባ የቀረሁት በማን ምክንያት መሰለህ? ምረጪ ያለኝ ሰው የለም፤ ግን ብባል መርጫለሁ። ይህን መጻፍ ነውር ነው። ጻፍኩት።

ና።

ሙዝና


ከነቢዩላህ ሁድ፣ ሻዕባን 11፣ 1348

ለእህቴ ለሙዝና

በግመል ነጂው እጅ የላክሽልኝ ብጣሽ ወረቀት ደርሶኛል። ጁምዓንን ቤት በማስቀረትሽ አላህ ይስጥልኝ፤ እንዴት እንዳስቀረሽው አልጠይቅም። ከሙከላ በቀጥታ ወደዚህ የመጣሁት ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። መንደር ብገባ ኖሮ እንደገና አልወጣም ነበር። ልቤን አውቀዋለሁ።

«ምን ብሎ መለሰልህ?» ነው ጥያቄሽ። ምንም አልመለሰልኝም።

መርከብ ላይ ረጅም ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። የቁርኣን አንቀጽ ነበረበት፣ ስለ ባኺት ቁጡነት ነበረበት፣ ስለ ሩቅ አገር ኑሮዬ ነበረበት። ጣራው ላይ ሳልሚን ፊት ስቆም ሁሉም ጠፋብኝ። እንደዚያ ያረጀ አልመሰለኝም ነበር። «አባቴ ሳልሚን፣ እኔ ዩስሊም ነኝ። ልጅህን ፈረጅን ገደልንብህ» አልኩት። ያን ያህል ብቻ። እሱም ከላይ እስከ ታች አየኝና የኖራውን ባልዲ ሰጠኝ።

ይኸውልሽ ዚያራዬ ይህ ነበር። ሌላው ሰው ወንዝ ሲታጠብ፣ የሁድ ግመል ናት በሚሏት ትልቅ ድንጋይ ሥር ተቀምጦ ዱዓ ሲሰማ፣ እኔ ኖራ ስደበድብ ሰነበትኩ። መቃብሩ ጋ የወጣሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያኔም ሳልሚን ከኋላዬ ቆሞ ነበር። በመጀመሪያ የእኛን ጣራ ለሰንኩ፣ ከዚያ የእነሱን። እጄ የነጋዴ እጅ ሆኖ ኖራው በላኝ። ሳልሚን አፉን የሚከፍተው ለማረም ብቻ ነው። «ምታው እንጂ! ሊጥ መሰለህ?» «ጥጉን ረሳኸው።» «አባትህ ከአንተ ይሻል ነበር።» ምግብ ሲቀርብ አብረን በላን፤ የወንድሞቹ ልጆች ግን ከምግቡ ተነስተው ወጡ።

ዛሬ ሥራው አለቀ። እጄን ታጥቤ «አባቴ፣ ይቅር ብለኸኛል?» አልኩት። ጫማውን እያሰረ «ነገ ተጓዡ ይመለሳል» አለኝ። «የእኔና ያንተ መንገድ አንድ ነው። አንተ ቅደም፤ እኔ ከኋላህ እመጣለሁ። ወደ ኋላ እንዳትዞር።»

«ይቅር ብለኸኛል ወይ ነው ያልኩህ።»

«ቅደም ነው ያልኩህ።»

ሙዝና፣ ይህን አንቺም እኔም እናውቃለን። የሁድ ሰላም ለመንደራችን ሰው የሚያበቃው ከመንደሩ ውጭ ካለው የውሃ ጉድጓድ ላይ ነው። ሳልሚን ጠመንጃውን እንደ ወጉ ጉድጓዱ አጠገብ ሸኾቹ ቤት አስቀምጦ ነው የመጣው፤ ሲመለስ ይወስዳል። ከጉድጓዱ እስከ በራችን ያለው ሜዳ ላይ አንድ ቁጥቋጦ እንኳ የለም። በልጅነታችን ስንሮጥበት አጭር ነበር። እሱ ጠመንጃውን ይዞ ከኋላዬ፣ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼው።

ዛሬ ልጽፍልሽ የምችለው እውነት ይህ ነው፤ ፈርቻለሁ። ሱራባያ ሆኜ አልፈራሁም ያልኩሽ ውሸት ነበር። ግን አልዞርም። ለጁምዓን እንዲህ በይልኝ፦ በመሐላው አልተቀየምኩትም። ሰዕዲያ ወንድ ልጅ ወልዳልኛለች፣ ስሙን ገና አላወጣሁለትም። አንድ ነገር ከሆንኩ እናንተ አውጡለት።

ይህን የሚያደርስልሽ ቀድሞኝ የሚነሳ የተሪም ሰው ነው። በመስኮቱ ሁኚና ጠብቂኝ።

ዩስሊም


ከሐድረመውት፣ ረቢዐል አወል 5፣ 1349

ለወንድሜ ለዩስሊም

አሰላሙ ዐለይኩም። በሰላም ሱራባያ መግባትህን ሰምተን ደስ ብሎናል። ሕፃኑ ስም ማግኘቱንም ሰማን፤ ጥርስ አብቅሎ እስኪነክስህ ድረስ ያለ ስም ማቆየትህ ግን ጉድ ነው። ሰዕዲያን እንዴት አድርጋ እንደታገሰችህ ጠይቅልኝ።

አሁን ወደዚያ ጥያቄህ። እዚህ ሳለህ ሁለት ጊዜ ጠይቀኸኝ ወሬ ቀየርኩብህ፤ ደግሞ ከባሕር ማዶ ጽፈህ ትጠይቀኛለህ። «በራችን ስደርስ ሳልሚን ከኋላዬ ምን ያህል ይርቅ ነበር? እንዴትስ ሳይናገረኝ ተመለሰ?» ነው ያልከው። ዝም አይነቅዝም ብዬ ነበር። ይኸው ነቀዘ፤ ልንገርህ።

ያን ቀን እኔና ጁምዓን መስኮቱ ላይ ነበርን። ጁምዓን ሊወጣና ሊቀበልህ ሲል ቀሚሱን ይዤ ቀደድኩት፤ እስከ ዛሬ ያ ቀሚስ አልተሰፋም። ከጉድጓዱ ጫፍ ብቅ ስትል አየንህ። ራሱ ላይ የሞላ እንስራ እንደተሸከመ ሰው ነበር የምትሄደው። አንገትህ አይንቀሳቀስም፣ እጅህ አይወዛወዝም። አንዴ ተደናቀፍክ፣ ቆምክ፣ ከዚያ ደግሞ ሄድክ። ያን ጊዜ እኔ ጮህኩ መሰለኝ። ጁምዓን አፌን ያዘኝ።

ከኋላህ ማንም አልነበረም፣ ዩስሊም። ያን ሜዳ ሁሉ ብቻህን ነው የተሻገርከው።

ያኔ እኛም አልገባንም። የት ሄደ? ተደብቆ ይሆን? አልን። የሆነውን በማግሥቱ ውሃ ልቀዳ ስወርድ የጉድጓዱ ሸኽ ሚስት ነገረችኝ። ሳልሚን ከኋላህ እስከ ጉድጓዱ መጥቷል። እንደ ወጉ ጠመንጃውን ልታወጣለት ስትነሳ «ተይው» አላት። ውሃ ጠጣ። በቤታቸው ጥላ ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና በራችን እስክትገባ ድረስ ጀርባህን ሲያይ ቆየ። «ምነው፣ አትወስደውም እንዴ?» ብትለው «ይቀመጥ፣ ለሽማግሌ ይከብዳል» አላትና በሌላው መንገድ ወደ ቤቱ ሄደ። የወንድሞቹ ልጆች ሊወስዱት ቢመጡ «ባለቤቱ ይምጣ» ብላ ከልክላቸዋለች። ባለቤቱ አልመጣም። ጠመንጃው እስከ ዛሬ ሸኹ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ሴትየዋ መዶሻና ወንፊት ታንጠለጥልበታለች።

ለምን እንዳልነገርኩህ ጠይቀኝ። ሸሚዝህ ጀርባህ ላይ ተጣብቆ፣ ከንፈርህ ነጭ ሆኖ ስትገባና «ቆሟል? አሁንም ቆሟል?» ስትለኝ «ሄደ» አልኩህ። እውነት ነው፣ ሄዷል። በሁለተኛው ቀን ልነግርህና ልስቅብህ ፈለግሁ፤ ባዶ ሜዳ ፈርቶ የመጣ ጀግና ልልህ። ምላሴ ላይ ደርሶ ተመለሰ። አንተ እሱ ከኋላህ እንዳለ አምነህ፣ ጠመንጃው ጀርባህን እንደሚያይ አምነህ ነው አንድ እግር ከሌላው ፊት ያስቀደምከው። ያን እንዴት እወስድብሃለሁ? ስንት ጊዜ በደብዳቤ ሰድቤህ ነበር። ያን ቀን መስኮቱ ላይ ሆኜ ወንድሜ አልኩ።

ከዚህ የሚበልጥ ወሬ የለኝም። ወረቀቱም አለቀ። የሳልሚን ወንድም ልጆች አሁንም ፊታቸውን ያጠቁራሉ፤ ያጥቁሩ። በሩን ሳልዘጋ ነው ይህን የምጽፍልህ፤ ዶሮዎች እየገቡ አስቸገሩኝ።

ጁምዓን ከጠዋት ወጥቶ እስካሁን አልተመለሰም። የት እንደሄደም አልጠየቅሁትም።

እህትህ ሙዝና